የልጅዎን የሆድ ሕመም በስልክ ወይም በቪዲዮ ለሐኪም እንዴት ያቀርባሉ?

የሕፃናት የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስቶች በአገራችን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ በደሴ፣ በጅማ ወይም በጎንደር አካባቢ የሚኖር ወላጅ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ወይም በቪዲዮ ሐኪም ማማከሩ ብዙ ድካምና ወጪ ሊያስቀርለት ይችላል። የርቀት ሕክምና ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የፓን አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መረብ አማካይነት ሕንድ፣ ሐይደራባድ ካሉ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ያኔ ልዩ መሣሪያ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ይሠራዋል።

የሆድ ሕመም ለርቀት ሕክምና የሚመችበት ምክንያት አለው። ሐኪሙ ሐሳቡን የሚመሠርተው በአብዛኛው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በሕመሙ ታሪክ፣ በሰገራው መልክና በልጁ ዕድገት። ሦስቱንም በስልክ ማስተላለፍ ይቻላል። የማይተላለፈው ሆድን የሚዳስሰው የሐኪም እጅ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እነዚያ ሦስት ነገሮች ለሐኪሙ በትክክል እንዲደርሱ፣ እጅ የሚያስፈልግበት ሰዓትም በስልክ ወሬ እንዳያልፍ ነው።

1. ስልኩን ከማንሳትዎ በፊት ልጁን ይመልከቱ

ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ካለ የቪዲዮ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 998 ነው።

አረንጓዴ ትውከት፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃን። ሐሞት የቀላቀለ ትውከት አንጀት ተጠማዝዞ የደም ዝውውሩ መቋረጡን ሊያመለክት ይችላል፤ አንጀትን ለማዳን ያለው ጊዜ ደግሞ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ብዙ ወላጆች አረንጓዴውን ትውከት «ሐሞት ነው፣ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው» ብለው ያልፉታል። በትንሽ ሕፃን ይህ ግምት ሊያስከፍል የሚችለው ዋጋ ከባድ ነው።

ጮኾ እግሩን ወደ ሆዱ የሚሰበስብ፣ ከዚያ ዝም ብሎ የሚደክም፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና የሚጮኽ ሕፃን። ይህ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ሲገባ የሚታይ ሁኔታ ነው። ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ደም እስኪያዩ አይጠብቁ።

ሆዱ የተነፋና የጠነከረ፣ ሲነካም የሚያስጮኸው፤ ደም የሚያስታውክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ የሚወጣው፤ ዕድሜው ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የደረሰ።

ከተወለደ በሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ከጠባ በኋላ ወተቱን አርቆ የሚያስፈነጥር፣ ወዲያውም ተርቦ ጡት የሚፈልግ ሕፃን።

ባትሪ የዋጠ ልጅ። በሪሞት፣ በሰዓትና በመጫወቻ ውስጥ የምትገኘው ክብ ትንሽ ባትሪ ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ማቃጠል ትጀምራለች። በረኪና ወይም ሌላ የሚያቃጥል ፈሳሽ የጠጣ ልጅም እንዲሁ አይጠበቅም። እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ፈሳሹ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ነው። ይህንን ራስዎ መመርመር ይችላሉ። የሆዱን ቆዳ ከእምብርቱ ጎን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁት። ወደ ቦታው ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ከደነዘዘ ወይም መጠጣት ካልቻለ ጊዜ የለም። ዓይኑ ጎድጎድ ብሎ ግን ነቅቶ በጉጉት የሚጠጣ ከሆነ ኦአርኤስ እየሰጡ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ። ለተቅማጥ የሚሰጠው መጠን ይህ ነው፦ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ካስታወከ አሥር ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ዱቄቱ የሚበጠበጥበት የውኃ መጠን በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። «እንዲበረታ» ብሎ በትንሽ ውኃ ማወፈር ልጁን ይጎዳዋል። ዚንክም አብሮ ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን አያቋርጡ።

ከእነዚህ ምልክቶች ምንም ከሌለ፣ ማለትም ችግሩ ሲመጣና ሲሄድ የቆየ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሰነበተ ተቅማጥ፣ የሚመላለስ ትውከት ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ከሆነ፣ የርቀት ምክክር ቦታው እዚህ ነው።

2. የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ

ከሁሉም እርምጃዎች አብልጬ የማምነው ይህንን ነው። «ሁልጊዜ ያመዋል» እና «ምንም አይበላም» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እውነተኛ ጭንቀትን ይገልጻሉ፤ ለሐኪሙ ግን ምንም አይነግሩትም። ተራ ደብተር ይበቃል። ልጁ ማንበብ የሚችል ከሆነ ራሱ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ከሰባት ስምንት ዓመት ጀምሮ ልጆች ስለ ሆዳቸው የሚጽፉት እናትና አባት ከሚገምቱት የተለየ ሆኖ ይገኛል።

በየቀኑ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ስንት ጊዜ ሰገራ ወጣ፣ መልኩ ምን ይመስላል፣ ሲወጣ አመመው ወይስ አላመመውም፣ ደም ወይም ንፍጥ ነበረበት ወይ፣ ሆዱን መቼ አመመው፣ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ በአንድ ጣት ጠቁም ሲባል የት ጠቆመ፣ ከጨዋታ ወይም ከትምህርት ቤት አስቀረው ወይ፣ ምን በላ፣ ምን ጠጣ።

የሰገራን መልክ ለመግለጽ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የብሪስቶል የሰገራ መለኪያ ሰባት ዓይነት አለው። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በምርምር መጽሔት የወጣ ሲሆን ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። 1 የተቆራረጠ፣ ጠጠር የመሰለ ደረቅ ሰገራ ነው፤ 2 የተያያዘ ግን የተጓጎለ፤ 3 ላዩ የተሰነጣጠቀ፤ 4 ለስላሳና ወጥ፤ 5 ለስላሳ ቁርጥራጭ፤ 6 የላላና ዳሩ የተበታተነ፤ 7 ጭራሽ ውኃ። ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ይበቃል። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ በሚተረጎም ምክክር ላይ ይህ ቁጥር ያለ አስተርጓሚ የሚገባ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው።

ማስታወሻው ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው አንድ ነገር አለ። ወላጅ «ልጄን ተቅማጥ ይዞታል፣ ልብሱን ያበላሻል» ብሎ ይመጣል። ደብተሩ ሲታይ ግን ልጁ ለአራትና አምስት ቀን ሰገራ አልወጣለትም፤ በመካከሉ ግን ፈሳሹ ያመልጠዋል። ይህ ተቅማጥ ሳይሆን የከረመ የሆድ ድርቀት ነው፤ ፈሳሹ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ እየሾለከ ይወጣል። የተቅማጥ ማቆሚያ ቢሰጠው ይብስበታል። ልጁም ሰንፎ ወይም አምፆ አይደለም፤ ፈሳሹ ሲያመልጠው ጨርሶ አይሰማውም። በዚህ ምክንያት የሚገረፉና የሚሰደቡ ልጆች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ደብተሩ ቢያንስ ከዚህ ያድናቸዋል። ሮም አራት የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሐኪሞች መለያ መስፈርትም የሆድ ድርቀትን የሚለየው በእነዚሁ ነጥቦች ነው፦ በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በታች ሰገራ መውጣቱ፣ ማምለጡ፣ ልጁ እግሩን አጣብቆ ሰገራውን መያዙ፣ ማመሙ፣ እጅግ ወፍራም ሰገራ መውጣቱ። ከነዚህ ሁለቱ ለአንድ ወር ከቆዩ መስፈርቱ ይሟላል። ሁሉም ከደብተር የሚገኙ ናቸው።

ሰዓትና ቀን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። የሚያማክሩት ሐኪም ውጭ አገር ያለ ከሆነ ወይም መዝገቡ በውጭ አቆጣጠር የሚያዝ ከሆነ «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሕመም ቀሰቀሰው» የሚለውን ሐኪሙ ልጁ ገና ሳይተኛ እንደሆነ ሊረዳው ይችላል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ለሐኪሙ ከባድ ምልክት ነው፤ በስህተት ሊጠፋ አይገባም። «እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ» ብለው ይጻፉት። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በውጭ አቆጣጠር የ2020 ልጅ ነው። ሳይቀየር ከተመዘገበ ዕድሜው ላይ ሰባት ዓመት ይጨመርበታል፤ የዕድገት ሰንጠረዡም የመድኃኒቱ ስሌትም ከመሠረቱ ይበላሻል።

3. ክብደትና ቁመት

የልጁ የዕድገት መስመር ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት የበለጠ ይናገራል። እያደገና እየከበደ የሚሄድ ልጅ የሆድ ቁርጠቱ ቢያስጨንቅም በአብዛኛው ከባድ በሽታ የለበትም፤ ክብደቱ ቆሞ የቀረ ወይም የቀነሰ ልጅ ግን ሕመሙ ቀላል ቢመስልም መመርመር አለበት። ስለዚህ የዛሬውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የድሮውንም ይፈልጉ። የክትባት ካርዱ ላይ፣ ጤና ጣቢያ በተሰጠ ወረቀት ላይ፣ ትምህርት ቤት ባለ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሁሉንም ፎቶ ያንሡ።

ሚዛን ቤት ከሌለ ጤና ኬላ ወይም ፋርማሲ ይመዝኑት፤ ያለ ጫማና በቀላል ልብስ፣ ሁልጊዜም በአንድ ሚዛን። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ በባለ ቀለም መለኪያ ትለካለታለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ከ12.5 በታች ከሆነ መካከለኛ። ከ11.5 በታች የሆነ ልጅ የቪዲዮ ቀጠሮ ሳይሆን የዚያኑ ዕለት ሕክምና ያስፈልገዋል።

4. ፎቶ ያንሡ፣ በተለይ የሰገራውን

ብዙ ሰው ይህን ያፍርበታል። ማፈር አያስፈልግም፤ ለሐኪሙ ከእርስዎ ገለጻ ይልቅ ፎቶው ይጠቅመዋል። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ አጠገቡ አድርገው ያንሡ። ነጩ ነገር ሐኪሙ ትክክለኛውን ቀለም እንዲለይ ይረዳዋል። ቀይ ነገር ካዩ ቀይ ሥር ወይም ቲማቲም በልቶ እንደሆነ ያስታውሱና ይጻፉ።

የቀለም ነገር ሕይወት የሚያድንበት አጋጣሚም አለ። ከተወለደ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የቆየ፣ ሰገራው ደግሞ የነጣ፣ እንደ አመድ ወይም እንደ ኖራ የሆነ ሕፃን የሐሞት መተላለፊያው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ ስም የሚጠራው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ ከ60 ቀን በፊት ሲደረግለት ነው፤ ከዘገየ ጉበቱ ይጠፋል። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሰገራ ቀለም ካርድ በሕፃናት ጤና ደብተር ውስጥ አስገብታ ለእናቶች ሁሉ ሰጠች። እናቶች የልጃቸውን ሰገራ ከካርዱ ጋር እያነጻጸሩ የነጣ ሲያዩ ይደውሉ ነበር፤ ከ60 ቀን በፊት ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ሕፃናት ቁጥርም ከፍ አለ። ዋናው መሣሪያ የታተመ ወረቀትና የእናት ዓይን ነበር። እርስዎም ነጭ ሰገራ ካዩ ፎቶውን የዚያኑ ቀን ይላኩ፤ መልስ ከዘገየም ሕፃኑን ይዘው ይሂዱ።

ትውከት ከሆነም ቀለሙን ያንሡ። ሕመሙ ሲመጣ ልጁ የሚያደርገውን አጭር ቪዲዮ መቅዳትም ይጠቅማል፤ በቀጠሮው ሰዓት ልጁ ደህና ሆኖ ሲጫወት መገኘቱ የተለመደ ነው።

5. የተሰጠውን ሁሉ ይጻፉ፣ ቤት ውስጥ የተደረገውንም

የመድኃኒቶቹን ካርቶንና ብልቃጥ ስሙና መጠኑ እንዲነበብ አድርገው ፎቶ ያንሡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውንም አይደብቁ። በአገራችን ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» ተብሎ ፍላጂል የሚሰጥበት ልማድ ሥር ሰድዷል። ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ የምርመራውን ውጤትም የጨጓራውንም ሁኔታ ይለውጣልና።

ባህላዊውንም እንዲሁ። ለሕፃን ጤና አዳም ተሰጥቶት ይሆናል፣ ቅቤ አውጠውት ይሆናል፣ እንጥሉ ተቆርጦ ወይም «ተቅማጡ የመጣው ከጥርሱ ነው» ተብሎ ድዱ ተበጥቶ ይሆናል። አያቱ ያደረጉት ለልጁ በማሰብ ነው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ድድ መብጣትና እንጥል መቁረጥ ግን ተቅማጥን አያድኑም፤ ደም ማፍሰስና መመረዝ ያመጣሉ። ሐኪሙ ከተነገረው ትኩሳቱን ወይም መገርጣቱን ከዚያ ጋር አያይዞ ያየዋል፤ ካልተነገረው ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይውላል። የሕፃኑን አያት በቪዲዮው ላይ አብረው እንዲቀመጡ ቢጋብዟቸው በጣም ጥሩ ነው። ብዙውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ክትባቱንም ያንሡ። ኢትዮጵያ የሮታ ቫይረስ ክትባትን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ መውሰድ አለመውሰዱ በትንንሽ ሕፃናት ተቅማጥ ላይ የሐኪሙን ግምት ይለውጣል።

6. ማን እንደሚያክመው ይወቁ

የባለሙያውን ሙሉ ስም፣ የሥራ ፈቃዱንና የሚሠራበትን ተቋም ይጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ደህና ሐኪም ሳይጠየቅ ይናገረዋል። ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ዘመድ ምክር ሊሰጥ ይችላል፣ ምክሩም ሊጠቅም ይችላል፤ መድኃኒት የሚያዘውና ልጁን የሚከታተለው ግን ባሉበት አገር ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው። በአሜሪካ ይህ በየግዛቱ ይሠራል፦ ሐኪሙ ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው ልጁ በቀጠሮው ሰዓት በሚገኝበት ግዛት ነው። ሜሪላንድ ያለ ሐኪም ያላችሁና በዚያ ቀን ቨርጂኒያ ያላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በቪዲዮ ቀጠሮም ጭምር። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። በእስራኤልም የጤና ሚኒስቴር በአማርኛ የስልክ የትርጉም አገልግሎት አለው። ትልቁን ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወንድሙን ደም ያለበት ሰገራ ሲተረጉም ፍርሃቱን ሊሸከመው አይችልም፤ የሚከብደውን ቃልም ዘሎት ያልፋል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ ሲልኩ የልጁ ፊት አይታይ፤ ለብዙ ሰው በተከፈተ ቡድን ውስጥ በፍጹም አይላኩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ የልጅዎ የጤና መረጃ የልጅዎ ነው።

7. የቀጠሮው ዕለት

ስልኩን ይሙሉ፤ መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስበው ፓወር ባንክ ያዘጋጁ። ፎቶዎቹንና የደብተሩን ገጾች ከቀጠሮው በፊት ይላኩ፤ መስመሩ ሲቆራረጥ በቪዲዮ ደብተር ማሳየት አይሆንም። ቪዲዮው እንቢ ካለም በተራ የስልክ ጥሪ ይቀጥሉ፣ ቀጠሮውን አይሰርዙ። ከመስኮት ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ መስኮቱ ከልጁ ጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። ቴርሞ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ውኃ አጠገብዎ ይሁን።

ልጁ በቀጠሮው ላይ መኖር አለበት፤ ተኝቶ ወይም ትምህርት ቤት ሆኖ ሐኪሙን ማነጋገር የቀጠሮውን ግማሽ ማጣት ነው። በመጀመሪያ ልጁ ራሱ ይናገር። እርስዎ የሚያርሙት እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ምርመራውን በእርስዎ እጅ ያደርጋል። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱን ያጥፍ፣ ሆዱ ይገለጥ። አንድ ሰው ስልኩን ከጎን፣ በሆዱ ቁመት ይያዝ፤ ከላይ የተቀረጸ ሆድ መነፋቱ አይታወቅም። እጅዎን አሙቀው ከማያመው ቦታ ጀምረው ሐኪሙ በሚለው ቅደም ተከተል በቀስታ ይጫኑ፤ እየተጫኑ ማየት ያለብዎት የልጁን ፊት እንጂ ሆዱን አይደለም። ሐኪሙ ልጁ ተነሥቶ በአንድ እግሩ እንዲዘል ሊጠይቅ ይችላል። የሆዱ ውስጠኛ ሽፋን የተቆጣበት ልጅ መዝለል አይችልም ወይም ሆዱን ይዞ ይቆማል፤ ያኔ ቪዲዮው ተዘግቶ ወደ ሆስፒታል ጉዞ ይጀመራል። ከዚያ የዓይኑን ነጭ ክፍል፣ ምላሱን፣ የታችኛውን ዐይን ሽፋን ውስጥ በባትሪ ያሳዩ። የመቀመጫ አካባቢ መታየት ካለበት ግን ቀረጻ እንደማይደረግ ያረጋግጡ፤ ልጁንም ያስፈቅዱት። እንቢ ካለ በአካል ይታያል።

8. ከመዝጋትዎ በፊት

የመድኃኒቱን መጠን በሚሊ ሊትርና በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፉ፣ ከዚያ ለሐኪሙ መልሰው ያንብቡለት። «አንድ ማንኪያ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የሻይና የሾርባ ማንኪያ መጠን የተለያየ ነው። «ምን ካየሁ በአካል ላምጣው?» እና «መቼ እንደገና እንነጋገር?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠይቁ አይዝጉ።

ምርመራ ከታዘዘ ሁለት ነገር ያስታውሱ። ስንዴና ገብስ የማይስማማው መሆኑ ከተጠረጠረ፣ ማለትም የሲሊያክ በሽታ የደም ምርመራ ከታዘዘ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ስንዴና ገብስ አይከልክሉት። አስቀድሞ ካቋረጠ ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ይሆናል። ጤፍ ይህ ጠባይ የለውም፤ ነገር ግን ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ እንጀራ ስለሚኖር የዱቄቱን ድብልቅ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሁለተኛው «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለው ኤች ፓይሎሪ ነው። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር ይህን መርምሮ ማከምን አይደግፉም፤ ባክቴሪያው መገኘቱ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት መሆኑን አያሳይምና። የታከመ ልጅ መዳኑን ለማየት የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ሲታዘዝ ደግሞ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ከተቋረጠ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ከተቋረጠ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት።

ክብደት መቀነስ፣ የዕድገት መቆም፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በመቀመጫ አካባቢ የሚወጣ ቁስል፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፤ ከእነዚህ አንዱ ካለና ሐኪሙ «በስልክ እንከታተለው» ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። እነዚህ በአካል መታየትን፣ አንዳንዴም ኢንዶስኮፒን (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራንና አንጀትን ማየትን) ይጠይቃሉ።

9. ጥናት ላይ እንዲሳተፍ ከተጠየቁ

የርቀት ሕክምና ከምርምር ጋር የተሳሰረ ነው። በደብተርዎ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከሌሎች ልጆች ቁጥር ጋር ሲደመር ሐኪሞች የሚመሩበት ማስረጃ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኢምፕሩቭ ኬር ናው የተባለ መረብ የአንጀት መቆጣት በሽታ ያለባቸውን ልጆች መረጃ በየቀጠሮው ይሰበስባል፤ ክሊኒኮች ውጤታቸውን እያነጻጸሩ አሠራራቸውን ስላስተካከሉ በሽታው ጋብ ያለላቸው ልጆች ድርሻ አድጓል። በዚህ መረብ ውስጥ ወላጆችና ታማሚዎች ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው ጥያቄ ይቀርጻሉ። ሁለተኛው የኔዘርላንድስ ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 የሆኑ፣ በማይለቅ የሆድ ሕመም የሚሠቃዩ 260 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የሂፕኖሲስ ሕክምና (ልጁ በጥልቅ ተዝናንቶ ሐሳቡ በንግግር የሚመራበት ሕክምና) ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ወሰዱ፣ ግማሾቹ ደግሞ በተቀዳ ድምፅ ቤታቸው ሆነው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠራላቸው በባለሙያ ከታገዙት 71 በመቶ፣ ቤታቸው ካደረጉት 62 በመቶ ነበሩ፤ አጥኚዎቹም የቤቱ ሕክምና ከሌላው የማያንስ ነው ብለው ደመደሙ። ስፔሻሊስት በሌለበት አገር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ተራ ዜና አይደለም። ባለሙያው ርቆ እያለም ልጅ በተቀዳ ድምፅ ሊታከም እንደሚችል በማስረጃ ያሳያል።

ከመፈረምዎ በፊት የፈቃድ ቅጹ በሚገባዎ ቋንቋ ይሰጥዎ፤ ወደ ቤት ወስደው ያንብቡት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል ወይ? የሙከራ ሕክምና ከሆነ በየትኛው መዝገብ ተመዝግቧል? በአፍሪካ ለሚካሄዱ ሙከራዎች የፓን አፍሪካ ክሊኒካል ትራያልስ መዝገብ አለ፤ ቁጥሩን ጠይቀው ራስዎ ማየት ይችላሉ። መረጃው የት ይቀመጣል፣ ፎቶዎቹስ? ናሙና ወደ ውጭ አገር ይላካል ወይ? ለምርመራና ለትራንስፖርት የሚከፍለው ማን ነው? ልጁ ቢጎዳ ማን ያክመዋል?

ልጁንም በሚገባው መጠን ያስረዱትና ይጠይቁት፤ የእርስዎ ፊርማ የእሱን እንቢታ አይሽርም። ካልፈለጉ ሕክምናው ሳይቋረጥ መተው፣ ከጀመሩ በኋላም መውጣት መብትዎ ነው። «ካልፈረሙ አናክመውም» የሚል ካለ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይደውሉ፤ ስልክ ቁጥሩ በፈቃድ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ እንዲነገርዎ ገና ሲፈርሙ ይጠይቁ፤ የሚላክልዎትንም አድራሻ ቅጹ ላይ ያስጽፉ።